አምስት ወር ቪዲዮ አይቼ ባዶ ፋይል ፊት እጄ አልነሳ አለ

ጥያቄ፦ «የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ ስላላገኘሁ ታይዋን ገበያ፣ አጎቴ የሞባይል ሱቅ ውስጥ እውላለሁ። ፍሮንት ኤንድ ዴቨሎፐር (ሰው የሚያየውን የድረ ገጽ ፊት የሚሠራ) ልሁን ብዬ አምስት ወር ዩቲዩብ ተከታትያለሁ፤ ሪአክት የሚባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ላይ ደርሻለሁ። ቪዲዮው ሲሄድ ሁሉም ይገባኛል። ዘግቼ ባዶ ፋይል ስከፍት ግን አንድ መስመር አይመጣልኝም። አዲስ አበባ ሄጄ ከፍዬ ልማር? ሰርተፊኬትስ ያስፈልጋል? ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ነው፣ ከሰዓት በኋላ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ይበቃኝ ይሆን? እርስዎ ከየት ጀመሩ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ያን «እርስዎ» አንሺልኝ። የድሬ ልጅ ጎረቤቱን ሽማግሌ አንተ እያለ ነው የሚያድገው፤ እዚህ ስንደርስ አንቱታውን ከየት አመጣሽው አቦ? ዘጠኝ ዓመት የዚህን ሥራ እንጀራ በልቻለሁ፤ ግማሹን እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል፣ ግማሹን ሐረር። ያንቺን የሚመስል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል፤ አንቺ ግን ሕመሙን በትክክል ነግረሽኛል። «ዘግቼ ባዶ ፋይል ስከፍት» ያልሽው ነው ነገሩ።

ጠዋት ፈጢራ ቤት ተቀምጠሽ ሰውዬው ሊጡን ሲወጥር አይተሻል። ዘይት በጠጣው ጠረጴዛ ላይ በመዳፉ ይደበድበዋል፣ ጫፍ ጫፉን ሳብ ሳብ ሲያደርገው እንደ ሻሽ ይሳሳል፣ እንቁላሉን ጣል፣ አጠፍ አጠፍ፣ ከዚያ ብረቱ ላይ። ሃያ ዓመት ቁጭ ብለሽ ብታዪው፣ ራስሽ የነካሽው ቀን ይቀደዳል። የዩቲዩቡ አስተማሪም እንደዚያ ነው። አንዲት የጠፋች ነጠላ ሰረዝ ሲፈልግ የባከነበትን አርባ ደቂቃ ቆርጦ ጥሎ የቀረውን ነው የሚያሳይሽ። ምን እንደሚቀድም፣ ያን ሳጥን ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ እሱ ወስኖ ጨርሷል፤ አንቺ የውሳኔውን ውጤት ትገለብጫለሽ። አምስት ወር ሙሉ አንድም ነገር ራስሽ አልወሰንሽም። ባዶ ፋይል ደግሞ ከመጀመሪያዋ መስመር ጀምሮ የሚጠይቅሽ ውሳኔ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሪአክትን ለጊዜው ዝጊው። ይሄን ስል «የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ ሪአክት ይላል እኮ» የሚል አይጠፋም። ይላል፤ ትደርሺበታለሽም። ሪአክት ግን ፌስቡክ ውስጥ ተሠርቶ በ2013 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የተለቀቀው አንድ ገጽ ላይ ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ሲለዋወጥ የሚመጣውን ጣጣ ለማቅለል ነው። ጣጣውን ሳትቀምሺ መድኃኒቱን ብትውጪ ምን እንዳዳነሽ አታውቂም። ቲም በርነርስ ሊ ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሆኖ የሠራውና በ1991 እ.ኤ.አ. ለሰው የደረሰው የመጀመሪያው ድረ ገጽ የገጽ አጥንት የሆነው ኤችቲኤምኤል ብቻ ነበር፤ ቀለምና አቀማመጥ የሚሰጠው ሲኤስኤስ የለ፣ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ጃቫስክሪፕት የለ። የዚያ ገጽ ቅጂ ዛሬም ሰርን ዘንድ ተቀምጧል፤ አጎትሽ ሱቅ ካሉት ስልኮች በየትኛውም ክፈቺው፣ ይነበባል፣ ሊንኩም ይሠራል። የመሠረቱን ጥንካሬ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ የለኝም።

የኪስ ምክንያትም አለው። አንድ የሪአክት ፕሮጀክት ገና አንዲት ፊደል ሳትጽፊበት የሚያወርደው ኮተት በመቶ ሜጋባይት ሊቆጠር ይችላል፤ ፓኬጅ እየገዛሽ ለምትማሪ ይሄ ቀልድ አይደለም። በዚያ ላይ ዩቲዩብ ላይ የሞላው የቆየ ትምህርት «ክሬት ሪአክት አፕ» በሚባለው መሣሪያ ነው የሚጀምረው፤ እሱን ራሱ የሪአክት ቡድን በየካቲት 2017 ዓ.ም. ለአዲስ ፕሮጀክት አትጠቀሙበት ብሎ ጡረታ አውጥቶታል። ቪዲዮውን ተከትለሽ ቀይ ስህተት ሲመጣብሽ ጥፋተኛዋ አንቺ ያልሆንሽበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን የቤት ሥራሽ። ጠዋት ቁርስ የምትበዪበት ፈጢራ ቤት ሂጂና ባለቤቱን ገጽ ልሠራልህ በዪው። አንድ ገጽ፣ በነጻ። ስሙ፣ የሚሸጠውና ዋጋው፣ ሲነኩት የሚደውል ስልክ ቁጥር፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚከፍት፣ ሰፈሩ የት እንደሆነ። ሌላ ምንም። የሚንሸራተት ፎቶ፣ ብልጭ የሚል ርዕስ፣ የ«ስለ እኛ» ድርሰት አያስፈልግም። ነጻ የምልሽ የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ለዘመድም ቢሆን በነጻ እንዳትሠሪ።

ላፕቶፑን ከመክፈትሽ በፊት ወረቀት ላይ ሣዪው። ሳጥን ሳጥን አድርጊና በየሳጥኑ ምን እንዳለ በአማርኛ ጻፊበት፦ «ርዕስ»፣ «ዝርዝር»፣ «አንድ ምግብ ከነዋጋው»፣ «መደወያ»። ኤችቲኤምኤል እንግዲህ ያንን ወረቀት ለብሮውዘሩ መንገር ነው። ርዕሱን ርዕስ ነው፣ ዝርዝሩን ዝርዝር ነው፣ በተኑን (የሚነካውን ቁልፍ) በተን ነው ብለሽ ንገሪው። ሁሉን ነገር «ዲቭ» በሚባለው ስም የለሽ ሳጥን ውስጥ የሚከት ሰው ሱቁን በሙሉ አንድ ዓይነት ካርቶን ውስጥ አሽጎ ስም ያልጻፈበት ነጋዴ ነው። እሱ ያውቀዋል፤ ዓይነ ስውር ደንበኛ ስልኩ ጮክ ብሎ ሲያነብለት ግን ምን እንደያዘ አይገባውም። ጽሑፉ ብቻ፣ ያለ ምንም ቀለም፣ በትክክል ሲነበብ አንድ ቀን እደሪበት። ያስጠላል፣ አውቃለሁ።

ከዚያ ሲኤስኤስ። ሰው የሚያለቅሰው እዚህ ነው፤ አንዱን ልቅሶ በቅርብ ላሳይሽ። የምግቡን ስም በግራ፣ ዋጋውን በቀኝ ታደርጊያለሽ። መስመሩን «ፍሌክስ» አድርገሽ፣ ማለትም ጎን ለጎን አሰልፈሽ፣ በመሃል ያለውን ቦታ «ስፔስ ቢትዊን» ብለሽ ታካፍይዋለሽ፤ ላፕቶፕሽ ላይ እንደ ደብተር መስመር ቀጥ ይላል። ደስ ብሎሽ ስልክ ላይ ስትከፍቺው ገጹ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ዋጋው ከስክሪኑ ወጥቷል። ምን ሆነ? ብዙዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ለብሮውዘሩ የሚሰጡት ስፋት 360 ፒክሰል አካባቢ ነው። አንቺ ሳጥኑን «ስፋቱ መቶ በመቶ ይሁን» አልሽው፣ 360 ሆነ። ከዚያ ጽሑፉ ጠርዝ እንዳይነካ በግራም በቀኝም 20 ፒክሰል የውስጥ ክፍተት፣ ፓዲንግ የሚሉትን፣ ጨመርሽ። ሲኤስኤስ ሳይነገረው ሲቀር ፓዲንጉን ከስፋቱ ውስጥ አይቀንስም፣ ላዩ ላይ ይደምረዋል፤ 360 ሲደመር 40፣ 400። ትርፉ 40 ነው ወደ ጎን የሚንሸራተተው። ላፕቶፑ ላይም ነበረ፤ ስክሪኑ ሰፊ ስለሆነ ልብ አላልሽውም እንጂ። «ቦክስ ሳይዚንግ»ን «ቦርደር ቦክስ» ስትዪው ፓዲንጉን ከውስጥ ይቆጥረዋል፤ አለቀ። አካውንታንት ነሽ፣ ታክሱ ዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ከዋጋው በላይ እንደማለት ነው።

ይሄን ከእኔ ሰምተሽ ብትይዢው ይጠፋሻል። ራስሽ ሁለት ሰዓት ስትፈልጊው ከኖርሽ ግን ዕድሜ ልክሽን አይጠፋሽም። መፈለጊያው ብሮውዘሩ ውስጥ ነው፦ ላፕቶፑ ላይ ኤፍ 12ን ተጫኚ፣ ሳጥኖቹን እየነካሽ ስፋታቸውን አንብቢ። የዚህ ሥራ ግማሹ እዚያች መስኮት ውስጥ ነው የሚያልቀው፤ አብዛኛው ቪዲዮ ግን በሁለት ደቂቃ ያልፋታል። ከዚያው መስኮት ኔትወርኩን ቀርፋፋ 3ጂ እንዲመስል ማድረግ ትችያለሽ። አንዴ እንደዚያ አድርገሽ የራስሽን ገጽ ጠብቂው። ፈጢራ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ስልክ ቁጥር የሚፈልግ ሰው የሚጠብቀውን ያህል እየጠበቅሽ እንደሆነ አስቢ።

ገጹ ከዘገየ ደግሞ ጥፋቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የፎቶ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ ሦስት ባይት ይይዛል። የፈጢራው ፎቶ ከስልክ እንደወጣ 4 ሜጋባይት ቢሆን ከአንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ በላይ ፊደል ማለት ነው፤ ለአንድ ቁርስ! ስፋቱን ወደ 800 ፒክሰል አውርደሽ ዌብፒ በሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ዓይነት ብታስቀምጪው ከመቶ ኪሎባይት በታች ይገባል፣ ለስልክ ዓይንም ልዩነቱ አይታይም። ከኮድሽ አናት ላይ «ቪውፖርት» የምትባለዋን አንዲት መስመርም አትርሺ፤ እሷ ከሌለች ስልኩ ራሱን 980 ፒክሰል ስፋት ያለው ኮምፒውተር አስመስሎ ሁሉን ያሳንሰዋል፣ ሰው በሁለት ጣቱ እየለጠጠ ያነባል።

እዚህ ላይ የአጎትሽ ሱቅ ምን ያህል ሀብት እንደሆነ ልንገርሽ። ገጹን አንድ ሁለት ውድ ስልክ ላይ ብቻ የሚፈትን ሰው አይጠፋም። አንቺ ቀኑን ሙሉ ቴክኖ፣ አይቴል፣ ኢንፊኒክስ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ሳምሰንግ፣ ሜሞሪው ሞልቶ የሚንቀራፈፍ አሮጌ ስልክ ያልፍብሻል። ሰው ሊያስጠግን ሲመጣ፣ ፈቅዶልሽ ከሆነ፣ ገጽሽን አንዴ ክፈቺበት። ከዚያ ስልኩን ይዘሽ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ደጅ ውጪ። ዲዛይነሮች የሚወዱት ነጭ ላይ የፈዘዘ ግራጫ ጽሑፍ የድሬ ፀሐይ ፊት የለም፤ ይጠፋል። የዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ተራ ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ጋር ቢያንስ 4.5 ለ1 ንጽጽር ይኑረው የሚለው ለእኛ የተጻፈ ነው የሚመስለኝ። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ የሚያነብ ሰው ካነበበው፣ የትም ይነበባል።

አማርኛው የራሱ ጠባይ አለው፤ ይሄን የፈረንጅ ኮርስ አይነግርሽም። ፊደላችን ረጃጅም ስለሆነ ለእንግሊዝኛ የተለካው የመስመር ርቀት ያፋፍገዋል፤ እኔ «ላይን ሃይት»ን 1.7 አካባቢ አደርገዋለሁ። ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን «ሁሉን ትልቅ ፊደል አድርግ» የሚለው የሲኤስኤስ ትእዛዝ አማርኛ ላይ ምንም አያደርግም፤ ርዕስ እንዲጎላ ከፈለግሽ በውፍረት ወይም በመጠን አጉዪው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ ይገኛል፣ እሱን ጫኚ። ደንበኛ ደግሞ የድሮ ሰነድ በፍላሽ ይዞልሽ ይመጣል። ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ዘመን የተጻፈ ከሆነ ኮፒ አድርገሽ ስትለጥፊው የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ትርምስ ይወጣል። ኮምፒውተርሽ አልተበላሸም፤ ያ ጽሑፍ ከስሩ የላቲን ፊደል ሆኖ ፎንቱ ብቻ ነበር ግዕዝ የሚያስመስለው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እንደገና ተይቢው፣ ሰዓቱንም አስከፍዪበት።

ድሬ ላይ ደግሞ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚጠይቅ ደንበኛ ብርቅ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረር ስትወጪ ሐረሪም ይጨመራል። አማርኛው ላይ «ይግዙ» ሦስት ፊደል ናት፤ በቁቤ ኦሮምኛ «ቢተዻ» ስትጻፍ ስምንት ትሆናለች። የበተኑን ስፋት በፒክሰል ከቆለፍሽው አንዱ ቋንቋ ላይ ይፈነዳል። ስፋቱን ተዪው፣ ፓዲንግ ስጪው፣ ራሱ ይለጠጣል።

አንዴ እንዴት እንዳፈርኩ ልንገርሽ። 2015 ዓ.ም. ነው፤ እዚሁ ድሬ ላለ አንድ የአጭር ጊዜ ማሠልጠኛ የምዝገባ ፎርም ሠራሁ። ቆንጆ ነበር። ስልክ ቁጥሩ በ09 ካልጀመረ «ትክክለኛ ስልክ ያስገቡ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ያወጣል። በራሴ ስልክ ፈተንኩት፣ ሠራ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ ደወለ፦ «ወንድም፣ ልጆቹ እየመጡ ወረቀት ላይ መዝግቡን ይላሉ፣ ኢንተርኔቱ አልቀበልም አለን ይላሉ።» ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ አገልግሎቱን በሙከራ የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነው፤ የሱ ቁጥር በ07 ይጀምራል። ከማንም ከተማ ቀድሞ 07 የያዘው የእኛ ወጣት ነው፣ የእኛን ወጣት በሩ ላይ የመለስኩት ደግሞ እኔ የድሬ ልጁ። ከዚያ ወዲህ ስልክ የሚቀበል ሳጥን ስሠራ 09ንም 07ንም፣ በመደመር 251 የሚጀምረውንም፣ በመሃሉ ክፍተት እየተወ የሚጽፈውንም ይቀበላል፤ ክፍተቱን ኮዱ ይጥረግ እንጂ ሰውዬው አይቀጣበት። የሳጥኑንም ዓይነት «ቴል» አድርጊው፣ ስልኩ የቁጥር ሰሌዳ ያወጣል።

ሰዓትም ሌላው ወጥመድ ነው። ሐረር ጁገል ውስጥ ላለች አንዲት የእንግዳ ማረፊያ «መግቢያ 8:00» ብዬ ጽፌ፣ ፈረንጁ በጠዋቱ በሁለት ሰዓት ሻንጣውን እየጎተተ ደርሷል፤ አልጋው ገና አልተነጠፈም። አማርኛው ላይ «ከቀኑ 8 ሰዓት»፣ እንግሊዝኛው ላይ ከሰዓት በኋላ 2 ብሎ መለየት የእኔ ሥራ ነበር። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ግን ከምታስቢው ይቀላል፤ ጃቫስክሪፕት ውስጥ «ኢንትል» የሚባለው ክፍል «ኢትዮፒክ» ስትዪው መስከረምና ጳጉሜን ያውቃል። ሰዓቱን ነው ራስሽ የምታስቢለት።

ጃቫስክሪፕትን የፈጢራው ገጽ ሲያልቅ ጀምሪው። ፈጣሪው ብሬንዳን አይክ የመጀመሪያውን ቅጂ በ1995 እ.ኤ.አ. በአሥር ቀን ነው ያደረሰው፤ ችኮላው አንዳንድ ቦታ ያስታውቃል። የመጀመሪያ ሥራሽ ለአጎትሽ የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ማስያ ይሁን፤ እዚህ ላይ አንቺ ከእኔ ትበልጫለሽ። አንድ ሳጥን ዋጋ፣ አንድ ሳጥን ታክስ፣ ከታች ድምር። 100 ትጽፊያለሽ፣ 15 ትጽፊያለሽ፣ ደምር ስትዪው 10015 ይልሻል። አትደንግጪ። ከሳጥን የሚመጣ ነገር ሁሉ ለጃቫስክሪፕት ጽሑፍ ነው፤ ሁለት ጽሑፍ ሲደመር አንዱ ከሌላው ጫፍ ላይ ይለጠፋል። መጀመሪያ ወደ ቁጥር ቀይሪው። ቀጥሎ ታክሱ ውስጡ ያለበትን ዋጋ ትለያለሽ፤ በ1.15 ማካፈል እንጂ 15 በመቶ መቀነስ እንዳልሆነ ላንቺ አልነግርሽም፤ ከ1150 ውስጥ ታክሱ 150 ነው። ከዚያ የሳንቲም ጉድ ይመጣል፦ 0.1 እና 0.2 ደምር ብትዪው 0.30000000000000004 ይላል። ኮምፒውተሩ አሥርዮሹን በሁለትዮሽ ስለሚይዘው ነው። ባለሙያው የሚያደርገው ሁሉን ወደ ሳንቲም ቀይሮ በሙሉ ቁጥር ማስላት፣ መጨረሻ ላይ በመቶ ማካፈል ነው። ሂሳብ የማያውቅ ፕሮግራመር ይሄን ስህተት ደንበኛ ደረሰኝ ላይ እስኪያገኘው ድረስ አያየውም። አራት ዓመት የተማርሽው ባከነ እንዳትዪ።

የምትማሪበትን በተመለከተ፣ ፍሪኮድካምፕ የሚባለው የመማሪያ ድረ ገጽ ነጻ ነው፣ ራስሽ እየጻፍሽ እንድትሄጂ ስለሚያስገድድሽ ከቪዲዮ ይሻልሻል። ቃል ሲጠፋሽ ኤምዲኤን የሚባለውን የድረ ገጽ ሥራ ማጣቀሻ ክፈቺ። ኔትወርክ ሲቆረጥ እንዳትቆሚ ዴቭዶክስ የሚባለው ላይ የኤችቲኤምኤል፣ የሲኤስኤስና የጃቫስክሪፕቱን ማኑዋል አስቀድመሽ አውርጂው፤ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ሥራሽን ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ላይ አስቀምጪ፤ ጊትሃብ ፔጅስ ገጽሽን በነጻ አየር ላይ ያወጣልሻል፣ በዶላር የሚከፈል ሆስቲንግ (የገጽ ማሳደሪያ) ፍለጋ ገና አያስጨንቅሽ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎቱስ ትዪ ይሆናል፤ ሳትጠይቂኝ ልመልስ። ቀዩን ስህተት ለጥፈሽ «ምን ማለቱ ነው» ብለሽ ጠይቂው፣ ጎበዝ ነው። ገጹን ሥራልኝ አትበዪው፤ ይሠራዋል፣ አንቺም ስድስተኛውን ወር ራስሽ ሳትወስኚ ታልፊያለሽ።

ሰርተፊኬት፦ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተጀምሯል፣ በነጻ ነው የተጀመረው፣ አሁንም ክፍት ከሆነ ውሰጂው፤ ወረቀት አለው። እኔን ግን በዘጠኝ ዓመት ሰርተፊኬት የጠየቀኝ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው፣ እሱም ለፋይል ማያያዣ። ሌላው ሁሉ «የሠራኸውን አሳየኝ» ነው የሚለው። ስልክሽን አውጥተሽ የፈጢራ ቤቱን ገጽ ስትከፍቺ ያኔ ወሬው ይጀመራል።

አዲስ አበባን በተመለከተ አንድ እውነት አለ፦ እዚያ የምታገኚው ከአንቺ የሚበልጥ ሰው ኮድሽን አንብቦ «ይሄን ለምን እንዲህ አደረግሽው» ሲልሽ ነው። ያ ትልቅ ነገር ነው። ግን ለዚያ ሲባል ገና ሳትጀምሪ ቤት ተከራይተሽ፣ ኮርስ ከፍለሽ መሰደድ አይታየኝም። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና ሐረማያ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ ልጆች ሞልተዋል። ሁለት ፈልጊ። በሳምንት አንድ ቀን ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ተቀመጡና አንዱ የሌላውን ኮድ ጮክ ብሎ ያንብብ። የማይገባውን መስመር የጻፈው ሰው ያስረዳ። ማስረዳት ካቃተው መስመሩ ይሰረዝ። እኔ የተማርኩት እንዲህ ነው፤ ከሁለት ልጆች ጋር፣ አንድ ላፕቶፕ ለሦስት።

ገንዘቡ ሲመጣ ሁለት ነገር ብቻ። ግማሹን ቀብድ ሳትቀበዪ አትጀምሪ፤ ምን ምን እንደምትሠሪም አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ተፈራረሙ፣ አለበለዚያ «እግረ መንገድሽን ይሄን ጨምሪልኝ» አያልቅም። የድረ ገጹ አድራሻ ደግሞ በደንበኛው ስም ይመዝገብ እንጂ በአንቺ ስም አይሁን። በእኛ ስም ተመዝግቦ ተጣልተን የቀረ ሥራ አይቻለሁ፤ ሁለቱም ወገን ነው የሚጎዳው።

ላፕቶፑ ይበቃሻል። 4 ጊጋ ራም ላይ ቪኤስ ኮድ የሚባለው የኮድ መጻፊያና አንድ ብሮውዘር ከአራት አምስት ታብ ጋር ይሄዳል፤ የሚያንቀው ዩቲዩቡ ክፍት ሆኖ ጎን ለጎን ስትሠሪ ነው፣ ያን ደግሞ ዘግተነዋል። አልጋና ፍራሽ ላይ አታስቀምጪው፣ ከስሩ ያለው የአየር መውጫ ይታፈናል፤ ሁለት የሚሪንዳ ክዳን ከኋላ እግሩ ስር አድርጊለት። የአጎትሽ ሱቅ ዕቃ የሚጠግን ልጅ ካለ ከፍቶ አቧራውን ይንፋልሽ፣ የፕሮሰሰሩንም ቅባት ይቀይርልሽ፤ በግለት ራሱን የሚያቀዘቅዝ ፕሮሰሰር ፍጥነቱን ነው የሚቀንሰው። ከሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ሰውም ማሽኑም አይሠራም፣ አታስገድጂው። እኔ ሳቢያን እያለሁ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ እስከ ሁለት ሰዓት ኮድ እጽፍ ነበር፤ ከዚያ ፈጢራ።